የንፍጥ ቀለም የሚናገረውና የማይናገረው

በደቡብ እንግሊዝ፣ ሶልስበሪ ከተማ አቅራቢያ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ጉንፋንን ብቻ የሚያጠና የምርምር ጣቢያ ተከፍቶ ነበር። በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃደኞች በየተራ እየገቡ ቫይረስ ያለበት ጠብታ በአፍንጫቸው ይጨመርላቸው ነበር፤ ተመራማሪዎቹም የተናፈጡበትን ሶፍት እየሰበሰቡ ይቆጥሩ፣ በሚዛንም ይመዝኑ ነበር። ሥራው ለሰሚው ያስቃል። ሆኖም የጣቢያው ተመራማሪዎች ዴቪድ ታይረልና ማልኮም ባይኖ በ1965 ይፋ ያደረጉት፣ ኋላም ከኮሮና ቫይረስ ወገን የተመደበው ቫይረስ የተገኘው ጉንፋን ከያዘው ከአንድ ተማሪ የአፍንጫ እጣቢ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎም ንፍጥ ለሳይንስ ውለታ ውሏል። በ1921 መገባደጃ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን ውስጥ ጉንፋን ይዞት ሳለ የራሱን ንፍጥ ወስዶ ባክቴሪያ በሚያሳድግበት ሳህን ላይ አደረገው። ንፍጡ ባረፈበት አካባቢ ባክቴሪያው ሟሟ። ባክቴሪያውን ያሟሟውና ፍሌሚንግ በ1922 ያሳወቀው ኢንዛይም ላይሶዛይም ይባላል፤ በእንባ፣ በምራቅና በእንቁላል ነጩ ክፍልም ይገኛል። ፔኒሲሊንን ያገኘው ከዚህ በኋላ፣ በ1928 ነው።

ንፍጥ አብዛኛው፣ 95 ከመቶ ያህሉ፣ ውሃ ነው። የሚያዝለገልገው ሚውሲን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ጨውና በሽታ ተከላካይ ንጥረ ነገሮችም አሉበት። በአፍንጫ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተተከሉት ሲሊያ የሚባሉ ረቂቅ ፀጉር መሰል አካላት በሰከንድ ከአሥር ጊዜ በላይ እየተወዛወዙ፣ አቧራና ተሕዋስ ያጠመደውን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይነዱታል። ከዚያ ሰው ሳያውቀው ይውጠዋል፤ የቀረውን የሆድ አሲድ ይጨርሰዋል። ጤነኛ ሰው አፍንጫው ደረቅ የሚመስለው ንፍጥ ስለሌለው ሳይሆን ይህ ጉዞ ስለማይሰማው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቀለሙ ላይ ነው። ንፍጡ አረንጓዴ ሲሆን «ባክቴሪያ ገብቶበታል» ተብሎ ወደ መድኃኒት ቤት ይኬዳል፤ አሞክሲሲሊን ይገዛል። አረንጓዴውን ቀለም ግን የሚያመጣው ባክቴሪያው አይደለም። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ማይሎፐርኦክሲዴዝ የተሰኘ፣ ብረት ያለበትና በተፈጥሮው አረንጓዴ የሆነ ኢንዛይም ይይዛሉ። ስዊድናዊው ሼል አግነር በ1941 ለይቶ ያወጣው እርሱን ነው። ሕዋሳቱ በቫይረስም በባክቴሪያም ምክንያት ይዘምታሉና፣ ቀለሙ የዘመተውን ሠራዊት እንጂ የጠላቱን ማንነት አያሳይም። ተራ ጉንፋን ራሱ በቀጭን ውሃ መሰል ንፍጥ ጀምሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወፍራል፣ ቢጫ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ይሆናል፤ ከዚያ ያለ መድኃኒት ይጠራል። እንዲህ ላለው ጉንፋን አንቲባዮቲክ መዋጥ ትርፉ ተቅማጥና መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ነው።

ሐኪም ከቀለሙ ይልቅ ቀኑን ይጠይቃል። ምልክቱ ሳይሻሻል ከ10 ቀን ካለፈ፣ ተሽሎ የነበረው ሰው እንደገና ከባሰበት፣ ወይም 39 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ከፊት ሕመምና ከመግል መሰል ንፍጥ ጋር ለሦስት አራት ቀን ከዘለቀ፣ የባክቴሪያ ሳይነስ ይጠረጠራል። ውሃ የመሰለ ንፍጥ ከማሳከክና ከማስነጠስ ጋር በየጊዜው የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ አለርጂ ነው ብሎ መገመት ይቀላል። ክትፎ በሚጥሚጣ በልቶ አፍንጫው የፈሰሰ ሰው ግን ምንም አልሆነም።

ሁለተኛው ጥያቄ የትኛው አፍንጫ የሚለው ነው፤ ሕይወት የሚያድንበት ጊዜም አለ። የሕፃን አንዱ አፍንጫ ብቻ የሚሸት ንፍጥ ካመጣ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም ዶቃ ከትቶበት ይሆናል። የገባው የሰዓት ባትሪ ከሆነ በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላልና ለነገ አይባልም። ከምንጭና ከኩሬ በሚጠጣበት አካባቢ አንዱ አፍንጫ ሲደማ አልቅት መፈለግ ለአገራችን ሐኪሞች እንግዳ አይደለም። ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ በአንድ ወገን ጥርት ያለ ውሃ የሚፈሰው ሰው ደግሞ የሚወርድበት ንፍጥ ላይሆን ይችላል። የአንጎል ዙሪያ ፈሳሽ ከሆነ የማጅራት ገትር በር ተከፍቷል ማለት ነው፤ ቤታ-2 ትራንስፈሪን የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልግ ምርመራ ሁለቱን ይለያል።

ጥቁር ንፍጥ ማገዶ የሚያነድዱ እናቶች የሚያውቁት የጭስ ጥላሸት ነው። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሕመምተኛ ግን ከፊት እብጠትና ሕመም ጋር ጥቁር ቅርፊት ካየ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይሂድ። በ2021 ሕንድ ውስጥ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ ብዙ ሰው የገደለውና ያሳወረው ፈንገስ ምልክቱ ይህ ነበር።

ዓይንን የሚያሳውረው የባክቴሪያ በሽታ፣ የትራኮማ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ለዝንብ የንፍጥ ቀለም ልዩነት የለውምና። ከሕፃን ዓይንና አፍንጫ የሚወርደው ፈሳሽ ዝንብ ይስባል፤ ዝንቡ፣ እጅና የጋራ ፎጣም ባክቴሪያውን ወደ ሌላ ሕፃን ዓይን ያሻግሩታል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የትራኮማ መከላከያ ስልት ከቀዶ ሕክምናና ከአንቲባዮቲክ ጎን የፊት ንጽሕናን አስቀምጧል። በበሽታው ሥርጭት ከዓለም ከፍተኛውን ሸክም በተሸከመችው ኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፊት መታጠብን ያስተምራሉ። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት ቀበሌ ግን ትምህርቱ ብቻውን አይበቃም።