ደግ ንጉሥ ሲጠበቅባት የኖረች ማረፊያ

በደቡብ ኮሪያ ዳምያንግ በቀርከሃዋ የታወቀች አውራጃ ናት። ሶስዌዎን የተባለውን ጥንታዊ የአትክልት ሥፍራ ሊያዩ የሚመጡ ጎብኚዎች በቀርከሃው መሃል አልፈው፣ ጅረቱ ዳር ባሉት የእንጨት ቤቶች አረፍ ብለው፣ ፎቶ ተነስተው ይመለሳሉ። ቦታው ግን ለሽርሽር አልተሠራም። መነሻው የፖለቲካ ግድያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የጆሶኑ ንጉሥ ጁንግጆንግ በ1506 ዙፋን የያዘው በመፈንቅለ መንግሥት ነበር። ያነገሡት ሰዎች በውለታቸው ሹመትና ሀብት አገኙ፤ ቤተ መንግሥቱንም ተቆጣጠሩት። ንጉሡ እነሱን የሚገዳደርለት ሰው ሲሻ ጆ ግዋንግጆ የተባለውን የኮንፊሺየስ ሊቅ አቀረበ። ጆም የዋዛ አልነበረም። በ1519 ሳይገባቸው «ባለውለታ» ተብለው የተመዘገቡ 76 ሰዎች ማዕረጋቸው እንዲሰረዝ አስወሰነ። ቀናት እንኳ በቅጡ ሳይቆጠሩ ንጉሡ ራሱ ከዳው። ጆ ታሰረ፣ ወደ ደቡብ ተጋዘ፣ መርዝ ጠጥቶ እንዲሞት ተፈረደበት። ባልደረቦቹም ተመነጠሩ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ያንግ ሳንቦ ያኔ አፍላ ወጣት ነበር። ሹመት በቃኝ ብሎ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመለሰ፤ በ1557 እስኪሞትም እዚያው ኖረ። በጅረቱ ዳር ቀስ በቀስ የሠራው ሥፍራ ሐሳቡን ይናገራል። አጥሩ ውሃውን አያግድም፤ ጅረቱ በሥሩ ሾልኮ ያልፋል። ግዋንግፑንጋክ የተባለችው ማረፊያ መሃሏ ላይ ከወለሉ ሥር በእሳት የሚሞቅ አንድ ክፍል አላት፤ በሮቹ ወደ ላይ ተነስተው ሲሰቀሉ ቤቱና ደጁ አንድ ይሆናሉ። በመግቢያው አቅራቢያ ያለችው ትንሽ የሣር ክዳን ማረፊያ የቆመችበት ሥፍራ ደግሞ ስሙ «ፊኒክስን መጠበቂያ» ማለት ነው። በምሥራቅ እስያ ትውፊት ይህ ወፍ የሚታየው ደግ ንጉሥ ሲነግሥ ነው። ፊኒክሱ ገና ይጠበቃል ማለት በዙፋኑ ላይ ያለው ደግ ንጉሥ አይደለም ማለት ነው። ሰውየው ተቃውሞውን በቦታ ስም ደበቀው።

ታዲያ ይህ ጀግንነት ነው ወይስ ሽሽት? ሁለቱም አለበት። እንዲህ ያለ መገለል መሬትና አገልጋይ ላለው መኳንንት እንጂ ለጭሰኛ የሚቻል አልነበረም። ሊቃውንቱ ገጠር ሲገቡም መዲናው ለመንጣሪዎቹ ቀረ። ነገር ግን ያፈገፈጉት ዝም ብለው አልተቀመጡም። በእነዚህ ማረፊያዎች ተማሩ፣ ተከራከሩ፣ ግጥም ጻፉ፤ የተገደለውን ሰው ስምም አላስረሱም። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1568፣ መንግሥት ራሱ ለጆ ከሞት በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ማዕረግ ሰጠው።

ሶስዌዎን በ1597 በጃፓን ወረራ ተቃጠለ፤ ዘሮቹ በ1614 መልሰው ሠሩት። ያንግ ሳንቦ ሥፍራው እንዳይሸጥ ተናዞ ነበርና ቤተሰቡ ቃሉን ጠበቀ። ዛሬ ማዕረጋቸው እንዳይሰረዝ ሰው ያስገደሉትን ሰዎች ስም የሚያስታውስ ጎብኚ የለም። የሸሸው ተማሪ ማረፊያ ግን አሁንም እንግዳ ይቀበላል።