የገና ሳምንትና የቤት ዶሮ

የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ ብዕራቸውን የሚያነሡት የነገሥታትን ዘመን፣ የጦርነትን ድልና የከተሞችን መቆርቆር ለመመዝገብ ነው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ሕዝብ ዘመኑን ሁሉ በጦር ሜዳ አያሳልፍም፤ የሚበዛውን ዕድሜውን የሚፈጽመው በቤቱ፣ በጓሮውና በምድጃው ዙሪያ ነው። ስለዚህ የአገሩን ታሪክ አሟልቶ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከቤተ መንግሥቱ ደጅ ቀጥሎ የጓሮውን በር ማንኳኳት ይገባዋል። እኛም ዛሬ አንባቢን ይዘን ወደ አንድ ባላገር ጓሮ እንገባለን። የምንገባበት ጊዜ የገና ሳምንት ነው፤ ታሪኳን የምንጠይቃትም ዶሮ ናት።

«ዶሮ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። በአገራችን የዶሮ ታሪክ የአክሱምን ሐውልቶች ይቀድማል።

ዶሮ በትውልዷ ኢትዮጵያዊት አይደለችም። የዘር ግንዷ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ የሚኖረው ቀይ የዱር ዶሮ ነው። ሊቃውንት በ2022 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ባወጡት ጥናት እንዳስረዱት፣ ለማዳ ዶሮ መሆኑ ከታወቀው አጥንት ሁሉ በዕድሜ የሚቀድመው በታይላንድ አገር ባን ኖን ዋት በተባለ ስፍራ የተገኘው ነው፤ ዘመኑም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የለመደችበትን ምክንያት ሲያስረዱም፣ ሰው ሩዝና ሌላም እህል በደረቅ ማሳ መዝራት በጀመረ ጊዜ የዱር ወፏ የወደቀውን ጥሬ ለመልቀም ከጫካው ወጥታ ወደ ማሳው ቀረበች፤ ከማሳውም ወደ ጎተራው፣ ከጎተራውም ወደ ቤቱ ተጠጋች ይላሉ። እንግዲህ ሰው ዶሮን ፈልጎ ጫካ ከመግባቱ በፊት፣ ዶሮ እህል ፈልጋ ወደ ሰው መጥታለች ማለት ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚለው የአገራችን ተረት ከሊቃውንቱ ቃል ጋር እንዴት እንደሚስማማ ልብ ይሏል።

ከዚያ ሩቅ አገር ተነሥታ ወደ እኛ የደረሰችውም በጥንት ዘመን ነው። በምሥራቅ ትግራይ፣ በጉሎ መኸዳ ወረዳ፣ መዝብር በተባለው የጥንት መንደር ፍርስራሽ ውስጥ የተቆፈሩት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ የነበሩ መሆናቸው በ2016 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ተገልጧል። በአፍሪካ ምድር ከታወቁት ጥንታውያን የዶሮ አጥንቶች መካከል እነዚህ ይቈጠራሉ። መዝብር የነገሥታት ከተማ ሳይሆን የገበሬዎች መንደር ነበረ። ይህም ዶሮ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የድኻ ቤት ባለሟል እንደ ነበረች ያመለክታል። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን የተቀበለው በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ሆነ፣ ዶሮይቱ የልደት በዓል በአገራችን ከመከበሩ ቢያንስ 700 ዓመት ያህል ቀድማ በጓሮአችን ስትጭር ኖራለች።

ዶሮ እንዲህ ጥንታዊት ብትሆንም፣ ዛሬ በገና ማዕድ ላይ የምናየው ቀይ የዶሮ ወጥ ግን ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ብዙ ሰዎች ይህ ወጥ ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምሮ ሳይለወጥ የመጣ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ የወጡ ነፍስ የሆነው በርበሬ የተገኘው በአሜሪካ ምድር ነው። ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእስያም፣ በኤውሮፓም፣ በአፍሪካም የበርበሬን ተክል ያወቀ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል መርከበኞችና የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች ዘሩን ከወደብ ወደ ወደብ አዳረሱት። ስለዚህ ከ16ኛው መቶ ዓመት በፊት የነበሩ እናቶቻችን ዶሮ ሠርተው እንደ ሆነ፣ የሚያጣፍጡት ከራሳችን ደን በሚገኘው ኮረሪማ፣ በዝንጅብል፣ ወይም ከባሕር ማዶ በሚመጣው በቁንዶ በርበሬ ሊሆን ይችላል እንጂ በቀዩ በርበሬ አልነበረም። ይህን ስንናገር የባልትናችንን ክብር መቀነሳችን አይደለም። ከእስያ የመጣችን ወፍና ከአሜሪካ የመጣን ተክል በአንድ ድስት አገናኝቶ፣ ባዕድነታቸው እስኪረሳ ድረስ የራስ ማድረግ ታላቅ ጥበብ ነው። ባህል የሚኖረው ከውጭ የመጣውን ሁሉ በመንቀፍ ሳይሆን አብስሎ የራሱ በማድረግ መሆኑን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። የገና ሳምንት የሚጀምረው ከጾሙ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ገብቶ እስከ ታኅሣሥ 28 ቀን 44 ቀን ይጾማል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት ስለሚሆን በዓሉ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ ጾሙም አንድ ቀን ቀድሞ ይገባል። በጾሙ ወራት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቍላል አይቀመሱም። ዶሮዎች ግን ጾም አያውቁምና መጣላቸውን አይተዉም። ብልህ እመቤት ይህን ታውቃለች። ከእንቍላሉ ለበዓል የሚሆነውን ታስቀምጣለች፣ ጥቂቱን ትሸጣለች፣ የቀረውን ለመታቀፍ ለተዘጋጀችው ዶሮ ታስታቅፋለች። እንቍላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይበቃዋል። ኅዳር 15 ቀን የታቀፈች ዶሮ ታኅሣሥ 6 ቀን ትፈለፍላለች፤ ገና በሚውልበት ቀን የ23 ቀን ጫጩቶቿን አስከትላ በግቢው ትዞራለች። ለምእመናን ሁሉ የታዘዙት የጾም ቀኖች በዓመት እስከ 180 ይደርሳሉ። እንግዲህ ጾም ለነፍስ ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ ለቆጡም ዕረፍትና መራቢያ ሆኖለት ኖሯል።

የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ በቤቱ ውስጥ ሁሉም የየድርሻውን ሥራ ይይዛል። ልጆች ከማለዳ ጀምሮ አውራ ዶሮውን ያባርራሉ። ሴቶች ሽንኩርቱን ከትፈው ያቁላላሉ፤ ቁሌቱ ሳይበስል ከተቸኮለበት ወጡ ወጥ እንደማይሆን የማያውቅ የለምና በዚህ ቀን ከትዕግሥት የሚበልጥ ቅመም አይገኝም። ዶሮውን የሚባርከው ወንድ ነው፤ ወንድ በሌለበት ቤት ጎረቤት ተጠርቶ ይባርካል። ከተነጨና ከተለበለበ በኋላ በ12 ብልት ይወጣል፤ በጨውና በሎሚ ደጋግሞ ይታጠባል። ብልት ማውጣት የማትችል ልጅ ለትዳር አልደረሰችም ይባል ነበር።

ቤተ ሰቡ ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን ይቆያል። ቅዳሴው አልቆ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ በመንገድ የሚቀበለው የዶሮ ጩኸት ነው። ሰዓት በየቤቱ ባልነበረበት ዘመን ካህኑን ለማኅሌት፣ ገበሬውን ለእርሻ፣ መንገደኛውን ለጕዞ የሚቀሰቅሰው አውራ ዶሮ ነበረ። ማዕዱ ሲቀርብ ፈረሰኛው ለአባወራው ይወጣል፤ ለእንግዳው መላላጫ፣ ለልጆች ክንፍና አንገት ይደርሳል። እንቍላሉም በሰው ልክ ተቈጥሮ ይታደላል። ከሰዓት በኋላ ጎረምሶች የገና ዱላቸውን ይዘው ወደ ሜዳ ይወጣሉ፤ በዚያም ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ስለ ሆኑ የተመታ አይቆጣም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች የመጠያየቂያ ናቸው። ጥር 1 ቀን የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ነው፤ በስምንተኛው ቀን፣ ጥር 6፣ ግዝረት ይውላል። በዚህ መካከል የክርስትና አባት ይጠየቃል፣ አማች ይጋበዛል፣ የታመመ ጎረቤት ወጥ ይላክለታል። ገና ራሱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል፤ በሳምንቱ ያሉት ሌሎች ረቡዕና ዓርብ ግን ይጾማሉ። ስለዚህ ወጡ ሳይቆይ ከሰው ጋር መካፈል ግድ ነው።

እዚህ ላይ ሳይነገር ሊታለፍ የማይገባው ነገር አለ። በሬና መሬት የአባወራው ሲባሉ፣ ዶሮና እንቍላል ከጥንት ጀምሮ የእመቤቲቱ ሀብት ነበሩ። ጨው፣ ጋዝ፣ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ከእንቍላሉ ዋጋ ነው። ባሏን ሳትለምን እጇን የምትዘረጋበት ብቸኛ ሣጥን ቆጧ ነበረ። ዳሩ ግን ዶሮዋን ከጭልፊትና ከሸለምጥማጥ ጠብቃ ያሳደገችው፣ ሌሊቱን በጢስ ስትለበለብ አድራ ወጡን የሠራችው እርሷ ሆና ሳለ፣ በማዕዱ ላይ የመጨረሻውን ብልት የምታነሣው እርሷ ናት። ይህ ልማድ ከትሕትናዋ የመጣ ነው ይባል ይሆናል። ትሕትና ግን በፈቃድ የሚደረግ ነገር ነው፤ የሚገባትን ብልት አስቀድሞ የሚያነሣላት ባል ወይም ልጅ ቢገኝ ባህሉን አላፈረሰም፣ አስዋበው እንጂ።

ያለፉት ሰባ ዓመታት ለቆጡ ታላቅ ለውጥ አምጥተዋል። በ1950ዎቹ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች እንደ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉትን የውጭ አገር ዘሮች አስገቡ። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቍላል ስትጥል የውጮቹ ብዙ እጥፍ ስለሚጥሉ፣ ሊቃውንቱ ወደ እነርሱ ማዘንበላቸው አያስደንቅም። ነገር ግን ገብስማዋ፣ ወሰራዋና አንገተ መላጣዋ የአገር ዶሮ ጥሬ ለቅማ፣ ትል ጭራ፣ እንቍላሏን ራሷ ታቅፋ፣ ጫጩቶቿን ራሷ አሳድጋ ትኖራለች። የውጪቱ መኖ፣ ክትባትና መፈልፈያ መኪና ትሻለች። ፈንግል የተባለው በሽታ ሲገባ ያልተከተበ ቆጥ በጥቂት ቀን ባዶውን ሲቀር ብዙ እናቶች አይተዋል፤ ስለዚህ ክትባቱ ለአገሪቱም ዶሮ ያስፈልጋታል። መልካሙ መንገድ አንዱን ጥሎ ሌላውን ማንሣት አይደለም። ከ2008 ጀምሮ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወለጋን የሆሮ ዶሮ ከራሷ ዘር በመምረጥ ለማሻሻል የተያዘው ሥራ ይህን መንገድ ያመለክታል።

በከተማም ጓሮው እየጠበበ፣ ፎቁ እየበዛ ሄዷል። ብዙ ልጆች ዶሮን የሚያውቋት በዋዜማው ከገበያ ታስራ ስትመጣ ወይም በብልት ተለይታ በላስቲክ ተጠቅልላ ነው። ለበዓሉ ዶሮ አይጠፋለትም። የሚጠፋው 21 ቀን ቆጥሮ መጠበቅ፣ ጫጩትን ከጭልፊት ማዳን፣ የሚበላውን ነገር ድካምና ዋጋ አውቆ መብላት ነው።

ስለዚህ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ዶሮ ርባታ ዕቅድ ሲያወጣ አስቀድሞ የቆጡን ባለቤት ይጠይቅ፤ አስተማሪም ታሪክ ሲያስተምር ከአክሱም ሐውልት አጠገብ የመዝብርን የዶሮ አጥንት ያሳይ። ተማሪውም በመጪው ገና ከማዕዱ ሲቀርብ፣ ከፊቱ ያለው ብልት የሦስት ክፍለ ዓለማትን ታሪክና የአንዲት እናትን የዓመት ድካም የያዘ መሆኑን አስቦ፣ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት «እማማ፣ እርስዎ በሉ እንጂ» ይበል።