በመሥሪያ ቤት ኔትወርክ ኮምፒዩተሮች ላይ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር እንዳይጫን መከላከል

ያልተፈቀደ ሶፍትዌር የሚባለው የመሥሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ሳያውቀውና ሳይፈቅደው በመንግሥት ኮምፒዩተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነው። ጫኙ ብዙውን ጊዜ ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ሥራው እንዳይስተጓጎል ብቻ ይፈልጋል።

ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ የአማርኛ መጻፊያ ነው። በወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን መምሪያዎችም ሆኑ በመርሳ የሀብሩ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ደብዳቤ የሚጽፉት በአማርኛ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ያለ ግእዝ መጻፊያ ከተሰጠ፣ ሠራተኛው እንደ ፓወር ግእዝ ያለ ፕሮግራም ከጓደኛው ፍላሽ ላይ ቢቀዳ ሊያስደንቅ አይገባም። ችግሩ ፈቃዱ የተሰበረ ቅጂ፣ በተለምዶ «ክራክ» የሚባለው፣ ሲጫን ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ ጸረ ቫይረሱ እንዲጠፋና የአስተዳዳሪ መብት እንዲሰጠው ይጠይቃል፤ አብሮት ቫይረስ ካለ በዚያው መብት ይገባል። ዊንዶውስ ከ1999 ዓ.ም ቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድና ኒያላ የተባለውን ፊደል ይዞ መምጣቱ ሲታሰብ፣ አደጋው ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ ነው።

ኔትወርክ አንዱን ጥፋት የሁሉ ያደርገዋል። በግንቦት 2009 ዓ.ም ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ማንም ፋይል ሳይከፍትለት ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየተሻገረ ወደ 150 አገሮች ተዛምቷል። ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት ያልጫኑት ናቸው። የተሰበረ ዊንዶውስ ደግሞ ማሻሻያው አብዛኛውን ጊዜ እንዲጠፋ ተደርጎ የሚሠራ ነው።

መከላከያው ለሠራተኛው መደበኛ የተጠቃሚ አካውንት ከመስጠት ይጀምራል። የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በባለሙያው እጅ ብቻ ይቆያል፤ የኃላፊዎች ኮምፒዩተርም ከዚህ ውጭ አይሆንም። ይሁንና በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ የሚጫኑና ከፍላሽ ላይ ሳይጫኑ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ይህን ገደብ ያልፉታል። ስለዚህ ሰርቨር ያለው መሥሪያ ቤት የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ብቻ እንዲከፈቱ በግሩፕ ፖሊሲ መወሰን አለበት። በድጋፍ የተገኘ ያገለገለ ኮምፒዩተር ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ሳይጫን ከኔትወርኩ ጋር አይገናኝም።

ክልከላ ብቻውን አይሠራም። የአማርኛ መጻፊያ፣ የፒዲኤፍ ማንበቢያና የፕሪንተር ድራይቨር ኮምፒዩተሩ ለሠራተኛው ከመሰጠቱ በፊት መጫን አለባቸው። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ሕጋዊ ቅጂዎቹ በመሥሪያ ቤቱ ሰርቨር ቢቀመጡ ባለሙያው ጥያቄውን በዕለቱ ይፈጽማል።

የኮምፒዩተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠበቃል። ጉዳት የሚያደርስ ፕሮግራም ሆን ብሎ ማሰራጨት ደግሞ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ያልተፈቀደ ፕሮግራም የተገኘበት ኮምፒዩተር የኔትወርክ ገመዱ ይነቀላል፣ ዋይፋዩም ይጠፋል። ባለሙያው ሳያየው ምንም ነገር አይሰረዝም፤ ያንኑ ፍላሽ የተጠቀሙ ሌሎች ኮምፒዩተሮችም አብረው ይመረመራሉ።