ጥቁረት ጥበቃ አይደለም፦ የብየዳ ዓይን መከላከያ ታሪክ ከሲኒማ ራስ ሲታይ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ መስሎ ሊታይ ይችላል። የምናገረው በያጅ ፊቱ ላይ ስለሚያደርገው መስታወት ነው። ሆኖም የመሣሪያ ታሪክ የሠሪው ታሪክ ነው። አንድ ኅብረተሰብ የሠራተኛውን እጅ ምን ያህል እንደሚፈልግ ከገበያው ይታወቃል፤ ለዓይኑ ምን ያህል እንደሚያስብለት ደግሞ ከመከላከያው ይታወቃል።

ጥያቄዬ አጭር ነው። በመርካቶ፣ በሲኒማ ራስ አካባቢ፣ ክንድ በማያዘረጋ የብረት ሥራ ቤት ውስጥ የሚሠራ በያጅ፣ እሳቱ ሲበራ በራሱ የሚጠቁረውን ዘመናዊ የብየዳ ማስክ መምረጥ ቢፈልግ በምን ይመዝነው? መልሱን ለማግኘት ሦስት ታሪኮችን ማገናኘት ያስፈልጋል፦ የብረት ሠሪውን፣ የመርካቶንና የብርሃንን።

ከብረት ሠሪው ልጀምር። በአገራችን ብረት ሠሪ ለዘመናት ሲፈለግም ሲፈራም ኖሯል። ማረሻውን፣ ማጭዱንና ጦሩን የሚሠራው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ «ቀጥቃጭ»፣ «ጠይብ»፣ ከዚያም አልፎ «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ይገለል ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ ብረትን የመንግሥት ጉዳይ አደረጉት፤ አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ፍርሃቱ ግን ቶሎ አልጠፋም። እዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምሻው ነገር አለ። የብረት ሠሪው ዓይን ሌላውን ይበላል ተብሎ ብዙ ክታብ ተጽፏል፤ እሳቱ የብረት ሠሪውን ዓይን ይጎዳል ብሎ የተጨነቀ ግን እምብዛም አይገኝም። የሚፈራ ዓይን እንጂ የሚታዘንለት ዓይን አልነበረውም።

ሁለተኛው ታሪክ የመርካቶ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ወራሪው ከተማዋን በዘር ለይቶ ለማደራጀት ባወጣው ዕቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ስሙ ጣሊያንኛ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የብረት ሥራ ቋንቋችንም የዚያን ዘመን ምልክት ይዟል፤ ላሜራ፣ ፌሮ፣ ቶርኖ፣ ካቻቢቴ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከነፃነት በኋላ በ1934 ዓ.ም. የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሙያው ወደ መማሪያ ክፍል ገባ። ይሁን እንጂ በመርካቶ ብዙው በያጅ ሙያውን የቀሰመው ከአሠሪው ጎን ቆሞ በማየት ነው። የችግሩ አንድ ሥር እዚህ አለ። ሌላው ሙያ በማየት ሲገኝ ማየቱ አይጎዳም፤ ብየዳን ግን ያለ መከላከያ ቀርቦ ያየ ተማሪ፣ በተማረ ቁጥር ይጎዳል። ማስኩ አንድ ብቻ ከሆነ የሚይዘው አሠሪው ነው፤ ላሜራውን ደግፎ የሚይዘው ልጅ ፊቱን ከማዞርና ዓይኑን ከመጨፈን ሌላ ምርጫ የለውም።

ሦስተኛው የብርሃን ታሪክ ነው። ሲኒማ ራስ ዛሬ የሠፈር መጠሪያም ሆኗልና፣ ስሙ ራሱ ወደ ነገሩ ያስገባናል። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ በዓለም ዙሪያ የነበሩ ትልልቅ ሲኒማ ቤቶች ፊልሙን በሸራው ላይ የሚያበሩት በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ቅስት ነበር፤ በያጆች «አርክ» የሚሉት ማለት ነው። ኒኮላይ ቤናርዶስ የተባለው ሩሲያዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ብረትን ከብረት ለማጣበቅ የተጠቀመበትም ይኸው የካርቦን ቅስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ በሽፋን የተለበጠውን ኤሌክትሮድ አመጣ፤ ዛሬ በየብረት ሥራ ቤቱ የምናየው ኤሌክትሮድ የዚያ ዝርያ ነው። የሲኒማው ቅስት ግን በብረት ሣጥን ተዘግቶ ነበር፤ ፊልም አጫዋቹም የሚያየው በጠቆረ መስኮት ነበር። የበያጁ ቅስት ከፊቱ ጥቂት ስንዝር ርቆ፣ በአየር ላይ ነው የሚነደው። ተመልካች ተጠበቀ፤ በያጅ ለራሱ ተተወ።

ይህ ብርሃን ሦስት ዓይነት ጨረር አለው። አንዱ የሚታየው ነው። የቀሩት ሁለቱ አይታዩም፤ ዊልያም ኸርሸል እ.ኤ.አ. በ1800 ያገኘው ኢንፍራሬድ እና ዮሐን ሪተር በተከታዩ ዓመት ያገኘው አልትራቫዮሌት ናቸው። በያጆች ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያስነሳቸው፣ አሸዋ በዓይን የገባ የሚያስመስለው ሕመም ከአልትራቫዮሌት የሚመጣ የዓይን ብሌን ሽፋን ቃጠሎ ነው። ሕመሙ የሚጀምረው ከሰዓታት በኋላ ስለሆነ በያጁ ጥፋቱን ከቅጽበቷ ጋር አያያይዘውም። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሁለት ቀን ይሽራል፤ ስለሚሽርም ይናቃል። ጉዳቱ ግን በዚያ አያበቃም። ዊልያም ክሩክስ እ.ኤ.አ. በ1913 የመስታወት ነፋሾችን ዓይን ለመጠበቅ ልዩ ልዩ የመስታወት ቅመሞችን የመረመረው፣ የእቶን ሙቀት ለዓመታት ሲደጋገም የዓይን ሞራ ያመጣል በሚለው ሥጋት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2017 ከብየዳ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉት መደብ አስገብቶታል።

ከዚህ ታሪክ የማወጣው ዋና ሐሳብ ይህ ነው፦ ጥቁረት ጥበቃ አይደለም። ጥቁረት የሚቀንሰው የሚታየውን ብርሃን ነው፤ የማይታየውን የሚያግደው የመስታወቱ ቅመምና በላዩ የተለበጠው ስስ ማጣሪያ ነው። ተራ ጥቁር መነፅር ያደረገ በያጅ ማየት ስለተመቸው የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ኢንፍራሬዱ ግን በመነፅሩ ውስጥ፣ ከግድግዳ የሚንጸባረቀውም በጎኑ ይገባል።

በራሱ የሚጠቁረው መከላከያ የመጣው ሌላ ችግር ለመፍታት ነበር። በቋሚ ጥቁር መስታወት እሳቱ ሳይነሳ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ በያጁ ኤሌክትሮዱን አስተካክሎ ራሱን ነቅነቅ በማድረግ ማስኩን ያወርዳል። በጠባብ ቦታ ግን ራስን ለመነቅነቅ ስፍራ የለም፤ አንድ እጅ ብረቱን፣ ሌላው መያዣውን ይዟል። በያጁ ማስኩን አስቀምጦ ዓይኑን ጨፍኖ እሳቱን የሚያስነሳው በዚህ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የስዊድኑ ሆርኔል «ስፒድግላስ» በሚል ስም ለገበያ ያቀረበው ማጣሪያ ይህን ለወጠ፤ ድርጅቱ በ2004 ወደ ስሪኤም ተጠቃሏል። በውስጡ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ስስ ንብርብሮችና በመካከላቸው ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ሴንሰሩ እሳቱን ሲያይ፣ ማጣሪያው ከአንድ ሰከንድ 10 ሺሕኛ ክፍል ባነሰ ጊዜ ይጠቁራል። ሳይጠቁር ቁጥሩ 3 ወይም 4 ነው፤ በ4 ቁጥር ከ100 እጅ ብርሃን 5 እጅ ያህል ያልፋል። 10 ቁጥር ላይ ሲደርስ ከ10 ሺሕ እጅ ከ2 ያነሰ ነው የሚያልፈው።

እንግዲህ ምርጫው በምን ይመዘን? በመጀመሪያ፣ ክሪስታሉ ቢዘገይ ወይም ባትሪው ቢያልቅ ምን ይሆናል ተብሎ ይጠየቅ። ደረጃውን የጠበቀ መከላከያ ባይጠቁርም እንኳ አልትራቫዮሌቱንና ኢንፍራሬዱን ሁልጊዜ ያግዳል፤ ያ ማጣሪያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ነጋዴው ላይተር አብርቶ ወይም ወደ ፀሐይ አዙሮ ሲያጠቁረው የሚያሳየው መጥቆሩን ነው፤ ማጣራቱን በዓይን ማረጋገጥ አይቻልም። ስለዚህ በመስታወቱ ላይ የታተመው የአውሮፓ ኢኤን 379፣ ተተኪው ኢኤን አይኤስኦ 16321 ወይም የአሜሪካ ዜድ 87.1 ምልክት ይፈለግ፤ ምልክት በሐሰት ሊታተም ስለሚችልም ከታመነ አስመጪ መግዛት ይገባል።

በሁለተኛ ደረጃ የሴንሰሩ ቁጥር ይታይ። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሴንሰር ይበቃል። በደረጃ ሥር ወይም በበር ማዕዘን ውስጥ ግን የበያጁ ክንድ ወይም ቱቦ ሴንሰሩን ይጋርደዋል፤ ማጣሪያውም ብየዳው ሳያልቅ ይነጣል። ለእንዲህ ያለ ቦታ አራት ሴንሰር ያለው ይመረጣል። በሦስተኛ ደረጃ ሁለት መቆጣጠሪያዎች ይኑሩት። አንዱ ሴንሰሩ ለብርሃን ያለውን ንቃት ይወስናል፤ ንቃቱ ከፍ ካለ የጎረቤቱ በያጅ እሳት ማስኩን ያለ ጊዜው ያጠቁረዋል፣ ዝቅ ካለ ደግሞ የራሱ ደካማ እሳት አይታየውም። በተደራረቡ የብረት ሥራ ቤቶች ይህ ዋና ጉዳይ ነው። ሁለተኛው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጥቁረቱ የሚቆይበትን ጊዜ ይወስናል። በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራ የብየዳ ማሽን ቅስቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ የመብራት ኃይል ሲዋዥቅ ደግሞ ይቆራረጣል። ስለዚህ ቆይታው አጭር መሆን የለበትም።

በመጨረሻም የማስኩ ቅርጽና ክብደት ነው። ትንሽ መነፅር በጠባብ ቦታ ይመቻል፤ ነገር ግን ፊትንና አንገትን ለጨረሩ ያጋልጣል፤ ጨርቅ ወይም ቆዳ ሊጨመርበት ያስፈልጋል። ጠባብ ግድግዳ ብርሃኑን ከኋላ ስለሚመልስ የማስኩ ጎንና አናት የተዘጋ ይሁን። ጭሱን ግን የትኛውም የዓይን መከላከያ አያግድም፤ አየር የማይገባበት ቦታ ላይ ምርጥ ማስክ አድርጎ መበየድ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን መክፈት ነው።

እስካሁን ምርጫውን የበያጁ አድርጌ ተናግሬአለሁ። ሕጋችን ግን ከዚህ በላይ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ የማቅረብን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። አዋጁ አሠሪና ሠራተኛ ተለይተው እንደሚታወቁ አድርጎ ያስባል፤ በመርካቶ ግን ራሱን ያሠማራ በያጅ፣ ከአጎቱ ጋር የሚሠራ ልጅ፣ በቁራጭ ሥራ የሚከፈለው ሰው ይበዛል። እነዚህ በሕጉና በገበያው መካከል ቀርተዋል። ማኅበራትና የሙያ ማሠልጠኛዎች ማስክን በጋራ ገዝተው፣ ለአሠሪው አንድ፣ ለረዳቱም አንድ ማለት ከቻሉ፣ ክፍተቱ በከፊል ይደፈናል። እኔ ሁለተኛውን ማስክ ከመጀመሪያው አላሳንሰውም፤ ነገ በያጅ የሚሆነው ብረቱን ደግፎ የያዘው ልጅ ነውና።

ተማሪዎቼን አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የአንጋፋ በያጆች ትዝታ በመዝገብ ቤት የለም። ወደ መርካቶ ሄዳችሁ፣ ሥራቸውን ሳታስተጓጉሉ፣ ማስክ መቼ እንዳደረጉ፣ ማን እንደሰጣቸው፣ ዓይናቸው ዛሬ እንዴት እንደሆነ ጠይቁና ጻፉ። አፄ ምኒልክ ሰው ባለሙያን እንዳይሰድብ አዘዙ፤ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ በኋላ የቀረብን ሥራ ዓይኑን መጠበቅ ነው።