የጥንት ማያዎች የኳስ ጨዋታ

በጥንት ማያዎች ከተሞች የኳስ ሜዳው የሚገኘው ከቤተ መንግሥቱና ከቤተ መቅደሶቹ አጠገብ ነበር። ሁለት ትይዩ የድንጋይ ግንቦች በመካከላቸው ረጅምና ጠባብ ሜዳ ይተዋሉ፤ ተጫዋቾቹ እዚያ ውስጥ ከባድ የጎማ ኳስ በዳሌያቸው እየመቱ ይቀባበላሉ። ኳሱን በመዳፍ መያዝም ሆነ በእግር መለጋት አይፈቀድም። ማያዎች በድንጋይ ጽሑፎቻቸው ጨዋታውን «ፒትዝ» በሚል ቃል ይጠሩት ነበር፤ ነገሥታቱም ከማዕረጎቻቸው መካከል «ኳስ ተጫዋች» የሚለውን ያስቀርጹ ነበር። ዘውድ የደፋ ሰው ተጫዋች መባልን ክብር አድርጎ ከቆጠረው፣ ነገሩ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ጨዋታውን የፈጠሩት ግን ማያዎች አይደሉም። እስካሁን ከተገኙት ሜዳዎች ሁሉ ቀደምት የሆነው በሜክሲኮ ቺያፓስ ግዛት፣ በፓስፊክ ዳርቻ አካባቢ፣ ፓሶ ዴ ላ አማዳ በተባለ ስፍራ ተቆፍሮ የወጣው ነው፤ ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 1650 ገደማ ይጠጋል። ከዚያ ዘመን ብዙም ያልራቁ የጎማ ኳሶች ደግሞ በቬራክሩዝ ግዛት፣ ኤል ማናቲ ከተባለ ረግረግ ተገኝተዋል። ኳሶቹ ከድንጋይ መጥረቢያዎች ጋር ለምንጩ በስጦታ የተጣሉ ሲሆኑ፣ አየር በማያስገባው ጭቃ ውስጥ ሳይበሰብሱ ቆይተዋል። በማዕከላዊ ሜክሲኮ የነበሩት አዝቴኮች ከብዙ ዘመን በኋላ የዚያን ጠረፍ ነዋሪዎች «ኦልሜክ»፣ ማለትም የጎማ አገር ሰዎች ይሏቸው ነበር። የዘመናችን የታሪክ ሊቃውንት ይህንኑ ስም ወስደው በአካባቢው ለነበረው እጅግ ጥንታዊ ሥልጣኔ ሰጥተውታል።

ያለ ጎማው ጨዋታው ባልኖረም ነበር። በአካባቢው ቆላማ ደን የሚበቅል ካስቲላ የሚባል ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ ሲበጣ ነጭ ወተት ያፈስሳል። ይህ ወተት እንዲሁ ቢደርቅ ይሰባበራል እንጂ አይነጥርም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ በሌሊት ነጭ አበባ ከምታፈካ የሐረግ ዝርያ ጭማቂ ጨምቀው ከወተቱ ጋር ያዋህዱታል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደፈለጉ የሚቀርጹት፣ ሲጠነክር የሚለጠጥና የሚነጥር ጎማ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ዘዴውን እንደገና ሠርተው የሐረጉ ጭማቂ የጎማውን ባሕርይ በእርግጥ እንደሚለውጥ አሳይተዋል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን በሰልፈርና በእሳት ማጠንከርን የደረሰበት በ1839 ነው፤ ማያዎችና ጎረቤቶቻቸው የራሳቸውን መንገድ ካገኙ ያን ጊዜ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ አልፏል።

ጎማው ከዛፍ ቁስል የሚፈስ ነገር መሆኑ ደግሞ ለጨዋታው ምሥጢራዊ ትርጉም በር ከፍቷል። በጓቲማላ ደጋ በሚኖሩት የኪቼ ማያዎች ቋንቋ ደምና የጎማ ዛፍ ወተት በአንድ ቃል ይጠራሉ። ኳስ መሥራት ደምን ማድቦልቦል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኳሱ ውስጡ ባዶ ያልሆነ፣ ድፍን ጎማ ነው። በቀለም በተዋቡ የሸክላ ዕቃዎች ላይ መጠኑን በስንዝር የሚናገር ቁጥር በኳሱ ሥዕል ውስጥ ይጻፋል፤ 9፣ 12 ወይም 14 ስንዝር የሚሉ ይታያሉ። ኳሱ በአንዳንዶቹ ሥዕሎች ላይ የሰው ደረት ያህላል፤ ሠዓሊዎቹ ሳያጋንኑ አልቀሩም። የዛሬዎቹ የዳሌ ኳሶች ከ3 እስከ 4 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ እሱም ቢሆን ያልተጠበቀ አካል ላይ ሲያርፍ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የተጫዋቾቹ ልብስም ይህንኑ ይመሰክራል። ከወገብ እስከ ደረት የሚጠመጠም ወፍራም መከላከያ፣ ዳሌ ላይ የሚታሰር ቆዳ፣ በአንዱ ጉልበት ላይ የሚጠለቅ መከለያ፣ ክንድ ላይ የሚታሰር ጨርቅ ይለብሳሉ። አንዱ ጉልበት ብቻ የተሸፈነው ተጫዋቹ ዝቅ ብሎ የሚመጣን ኳስ ለመመለስ በዚያ በኩል መሬት ላይ ስለሚወድቅ ነው። ስፔናዊው መነኩሴ ዲዬጎ ዱራን ስለ አዝቴኮች ሲጽፍ፣ ከጨዋታው በኋላ በዳሌያቸው የረጋውን ደም በስለት እየበጡ ያስወጡ እንደነበርና ሆዳቸውን ተመትተው የሞቱም እንደነበሩ መዝግቧል።

በመላው መካከለኛ አሜሪካ ከ1,500 በላይ ሜዳዎች ተለይተዋል። በከፍታ ሲታዩ ብዙዎቹ በሁለቱ ጫፎቻቸው ሰፍተው የላቲኑን «አይ» ፊደል ይመስላሉ። በቆዩት የማያ ሜዳዎች የጎን ግንቦቹ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ናቸው፤ ኳሱ እነሱ ላይ ወጥቶ ተመልሶ ይወርዳል። በመሬቱ መሐል መስመር ላይ ሦስት ክብ የተቀረጹ ድንጋዮች ይነጠፋሉ። ከእነዚህ ክቦች አንዱ፣ ከቺያፓስ የመጣውና ከእ.ኤ.አ. 591 ጋር የሚገጥም ቀን በማያ አቆጣጠር የተጻፈበት፣ ጉልበቱን አጥፎ ኳስ የሚመልስ ተጫዋች ያሳያል። በግንቡ ላይ ከፍ ብሎ የሚተከለው የድንጋይ ቀለበት ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ኳስን በዳሌ መትቶ በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ማሳለፍ እምብዛም የማይሆን ነገር ነበር፤ በአዝቴኮች ዘንድ ይህ የሆነለት ሰው ወዲያው ያሸንፋል፣ የተመልካቾቹን ካባም መግፈፍ ይችላል። ተመልካቹ ኳሱ ሲያልፍ እያየ ካባውን ይዞ ይሮጥ እንደነበር ጸሐፊዎቹ ይተርካሉ።

ዛሬ በፎቶግራፍ የሚታወቀው የቺቼን ኢትዛ ሜዳ ከሁሉ ይበልጣል፤ ከነግንቡ 168 ሜትር በ70 ሜትር ነው፣ ቀለበቶቹም ከመሬት 6 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ይህ ለከተማይቱ ታላቅነት የቆመ ሐውልት እንጂ የተለመደ ሜዳ አይደለም። ከእሱ ይልቅ የማያን ሜዳ በትክክል የሚወክሉት በኮፓን ወይም በቲካል ከተሞች ያሉት አነስተኞቹ ናቸው። ቲካል ውስጥ ሦስት ሜዳዎች ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ።

የጨዋታው ትርጉም በሰፊው የተጻፈው «ፖፖል ቩህ» በተባለው የኪቼዎች መጽሐፍ ውስጥ ነው። የዛሬው ቅጂ የመጣው መነኩሴው ፍራንሲስኮ ሂሜኔስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከገለበጠው ነው። ሁለት ወንድማማቾች በጨዋታቸው ድምፅ ከምድር በታች ያሉትን የሞት አለቆች ያውካሉ፤ አለቆቹም ወደ ሺባልባ፣ ወደ ሙታን አገር፣ ጠርተው ይገድሏቸዋል። የአንዱ ራስ በዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ዛፉም ቅል ያፈራል። ሽኪክ የምትባል የሞት አለቃ ልጅ ወደ ዛፉ ስትቀርብ የተሰቀለው ራስ እጇ ላይ ይተፋባታል፤ እሷም ትፀንሳለች። የሚወለዱት መንታዎች፣ ሁናፑና ሽባላንኬ፣ ሲያድጉ የአባታቸውን የኳስ ዕቃ አግኝተው ይጫወታሉ፤ እነሱም በተራቸው ወደ ሺባልባ ይጠራሉ። በሌሊት ወፎች ቤት የሁናፑ ራስ ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ራስም ለጨዋታ በኳስ ፋንታ ይሰቀላል። ወንድሙ ዱባ ቀርጾ አንገቱ ላይ ይተክልለታል። ከዚያ በኋላ ኳሱ ከሜዳው ውጭ ሲወድቅ ተደብቃ የነበረች ጥንቸል እየነጠረች ታመልጣለች፤ የሞት አለቆቹ ኳሱ መስሏቸው ሲከተሏት የሁናፑ ራስ ወደ ቦታው ይመለሳል። በመጨረሻ መንታዎቹ ሞትን በተንኮል አሸንፈው ፀሐይና ጨረቃ ሆነው ይወጣሉ። በዚህ ታሪክ ኳስ፣ ቅልና የሰው ራስ እርስ በርስ ይተካካሉ። ሜዳውም በሕያዋንና በሙታን ዓለም መካከል ያለ መግቢያ ነው።

ነገሥታቱ ይህን ታሪክ ለራሳቸው ተጠቀሙበት። በያሽቺላን ከተማ በአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ላይ ንጉሡ አራተኛው ያሹን ባላም በጨዋታ ልብስ ቆሞ ይታያል፤ ከደረጃ ወደ ታች እየተንከባለለ የሚመጣው ኳስ ውስጥ ደግሞ ታስሮ የተጠቀለለ ምርኮኛ ተቀርጿል። በቶኒና ከተማ ሜዳ የምርኮኞች ምስሎች በግንቡ ላይ ወጥተው ለኳሱ ምልክት ሆነው ቆመዋል። ጦርነቱ አስቀድሞ አልቋል፤ ሜዳው ላይ የሚደገመው ድሉ ነው። በሥርዓቱ የሚሞተው ሰው በጦር የተሸነፈው ጌታ ነበር ማለት ነው።

በቺቼን ኢትዛ የግንብ ቅርጽ ሁለት ቡድኖች፣ ሰባት ሰባት ሆነው፣ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው የራስ ቅል የተሳለበት ኳስ አለ። አንዱ ተጫዋች ራሱ ተቆርጦ ተንበርክኳል፤ ከአንገቱ የሚፈልቀው ደም እባቦችና ያበበ ተክል ይሆናል። ከዚህ ምስል ተነሥቶ የአሸናፊው ቡድን መሪ ለክብሩ ይሠዋ ነበር የሚል ወሬ ከአስጎብኚዎች አፍ ተስፋፍቷል። ይህን የሚደግፍ የማያ ጽሑፍ የለም፤ ተሸናፊ ሁልጊዜ ይገደል ነበር የሚለውም እንዲሁ። መሥዋዕት ነበረ፣ ግን ለተለየ ቀንና ለተለየ ሰው።

ከእነዚህ ቀኖች የአንዱ ታሪክ ከኮፓን ተጽፎ ቆይቷል። ንጉሡ ዋሻክላሁን ኡባህ ካዊል በ738 የመጨረሻውን የከተማይቱን ሜዳ አስመረቀ፤ የግንቡን ምልክቶችም በትልልቅ በቀቀን ራሶች አስጌጠ። ከ113 ቀናት በኋላ የበታቹ የነበረው የኪሪጓ ገዥ፣ ካክ ቲሊው ቻን ዮፓት፣ ማርኮ አንገቱን ቆረጠው።

ከሥነ ሥርዓቱ ውጭ ጨዋታው ተራ ደስታም ቁማርም ነበር። በተለይ አዝቴኮች ወርቅ፣ ባሪያ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን ያስይዙ ነበር። ጎማ የሚበቅልበት የቶችቴፔክ ግዛት ለአዝቴክ ነገሥታት 16,000 የጎማ ኳስ ይገብር እንደነበር በግብር መዝገባቸው ሰፍሯል።

ስፔኖች ሲመጡ ጨዋታውን ከጣዖት አምልኮ ጋር ቆጥረው ከለከሉት። ኳሱ ግን አስደንቋቸዋል፤ በአገራቸው የሚያውቁት በጠጉር የታጨቀ ወይም በአየር የተነፋ ቆዳ ነበርና። የወራሪዎቹ መሪ ኤርናን ኮርቴስ በ1528 የተጫዋቾች ቡድን ይዞ ወደ ስፔን ተሻገረ፤ በንጉሡ በአምስተኛው ቻርልስ ግቢ ሲጫወቱ ያያቸው ጀርመናዊው ክርስቶፍ ቫይዲትዝም ወገባቸውን በቆዳ አስረው ጀርባ ለጀርባ ሆነው ኳስ ሲመቱ ሥዕላቸውን አስቀርቷል።

በማያዎች አገር ጨዋታው ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ያልተቋረጠው ከማያዎች ምድር ርቆ በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በሲናሎዋ ግዛት ነው። እዚያ «ኡላማ» ይባላል። ግንብ የለውም፤ በደረቅ መሬት ላይ መስመር ይሰመራል፣ ተጫዋቾቹ ወገባቸውን በቆዳ ታጥቀው ኳሱን በዳሌ ይቀባበላሉ። በቅርቡ ደግሞ የማያ ተወላጆች በጓቲማላ፣ በቤሊዝና በዩካታን ጨዋታውን እንደገና ጀምረው ቡድን እያቋቋሙ ይወዳደራሉ።