ባቡሩ ያልደረሰበት አገር፦ የኬንያ ክልሎችና አስተዳደራቸው

ከሞያሌ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ የሚወርድ መንገደኛ በ780 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ሁለት የተለያዩ አገሮችን ያየ ይመስለዋል። እስከ ኢሲዮሎ ያለው ምድር፣ ከማርሳቢት ተራራ ደን በቀር፣ ግመልና ፍየል የሚሰማራበት ደረቅ ቆላ ነው። ከኢሲዮሎ ሽቅብ ሲወጣ ግን 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራ ግርጌ ይቀበለዋል፤ ስንዴ፣ ቡናና ሻይ የሚበቅልበት ደጋ ነው። የዝናቡን ልዩነት የፈጠረው ተፈጥሮ ነው። የትምህርት ቤቱን፣ የሆስፒታሉንና የመንገዱን ልዩነት በአብዛኛው የፈጠረው ግን አስተዳደር ነው። እንዴት እንደፈጠረው ማወቅ የኬንያን ታሪክ ለመረዳት አንዱ ቁልፍ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት የዛሬዋ ኬንያ በአንድ ማዕከል አትመራም ነበር፤ ሆኖም ሥርዓት አልባ አልነበረችም። በባሕሩ ዳርቻ የስዋሂሊ ከተሞች በንግድና በእስልምና ሕግ ይተዳደሩ ነበር። ከዳርቻው ጀርባ ሚጂኬንዳዎች «ካያ» በሚባሉ በደን የተከበቡ መንደሮቻቸው ለሽማግሌዎች ይታዘዙ ነበር። የሜሩ ሕዝብ «ንጁሪ ንቼኬ» የተባለ ሸንጎ ነበረው። ቦረናዎች በገዳ ሥርዓት ይመሩ ነበር፤ በኢሲዮሎ አካባቢም «ዴዳ» የተባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ የዝናብ ወራትን፣ የበጋንና የድርቅ ጊዜን ግጦሽ ለይቶ ይደለድል ነበር። እያንዳንዱ ሥርዓት ከምድሩ ጠባይ የተቀዳ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1895 የእንግሊዝ ሞግዚት አስተዳደር ታወጀ፤ በ1896 ከሞምባሳ መዘርጋት የጀመረው የባቡር ሐዲድም በ1901 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ሐዲዱ ያቋረጠው ለም ደጋ ለነጭ ሰፋሪዎች ተከለለ፤ ከተማውም ገበያውም ሐዲዱን ተከትሎ አደገ። ባቡሩ ያልደረሰበት ሰሜን ግን ከኢትዮጵያና ከኢጣሊያ ሶማሊያ ጋር በሚያዋስነው ድንበር እንደ መከታ ብቻ ተቆጠረ። በ1902 በወጣው ድንጋጌ መሠረት ዝግ ቀጠና ተደረገ፤ ያለ ፈቃድ መግባትም መውጣትም ተከለከለ።

ነጻነት በ1963 ሲመጣ የመጀመሪያው ትልቅ ክርክር በዚሁ ጉዳይ ላይ ነበር። በሮናልድ ንጋላ የሚመራው ካዱ፣ ብዙ ቁጥር ያላቸው ሕዝቦች አነስተኞቹን እንዳይውጡ በመስጋት «ማጂምቦ» የተባለውን የክልሎች አስተዳደር ጠየቀ። የጆሞ ኬንያታ ካኑ ደግሞ አንድነትን ያስቀድም ነበር። ሕገ መንግሥቱ ለሰባት ክልሎች የየራሳቸውን ምክር ቤት ቢሰጥም ዕድሜው አጭር ሆነ። በ1964 ካዱ ፈርሶ ከካኑ ጋር ተቀላቀለ፤ አገሪቱም ሪፐብሊክ ስትሆን የክልሎቹ ሥልጣን ተነጠቀ። በሰሜን ከሶማሊያ ጋር መዋሐድን የሚሹ ወገኖች ያነሡት ጦርነት እስከ 1967 ዘለቀ፤ የአስቸኳይ ጊዜው ሕግ ግን እስከ 1991 አልተነሣም።

ከጦርነቱ ይልቅ ብዙ ያልተወራለት፣ ነገር ግን ውጤቱ የከፋው አንድ የ1965 የመንግሥት ሰነድ ነው። የአገሪቱን የልማት ዕቅድ ያወጣው ይህ ሰነድ ገንዘብ ፈጥኖ ትርፍ በሚያስገኝበት ቦታ ይዋል አለ፤ ይኸውም መልካም መሬት፣ ዝናብና መጓጓዣ ባለበት ማለት ነው። ልብ እንበል፤ መንገድ ላለው መንገድ ይጨመርለታል፣ ለሌለው ግን ተራው አይደርስም። ቅኝ ገዥዎች በሐዲድ የከፈሉትን አገር ነጻው መንግሥት በበጀት ከፈለው።

ነሐሴ 27 ቀን 2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ይህን ለማረም ተነሣ። ስምንቱን ክፍላተ ሀገር በ47 ካውንቲዎች ተካ፤ ለእያንዳንዱም የተመረጠ አገረ ገዥና ምክር ቤት ሰጠ። ከብሔራዊው ገቢ ቢያንስ 15 በመቶው ለካውንቲዎች እንዲከፋፈል፣ ወደ ኋላ ለቀሩት አካባቢዎችም ለ20 ዓመታት በየዓመቱ ግማሽ በመቶ እንዲመደብ ደነገገ። ጤና፣ ውሃ፣ እርሻና የአካባቢ መንገድ ወደ ካውንቲዎች ተላለፉ።

ጥያቄው ግን አላበቃም። በ2020 ሴኔቱ ገንዘቡ በሕዝብ ብዛት ይከፋፈል ወይስ የቆዳ ስፋትና ድህነትም ይታሰቡ በሚለው ለሳምንታት ተከራከረ፤ ሕዝቡ ጥቂት፣ ምድሩ ሰፊ የሆነው ሰሜን የቀደመው ታሪክ እንዳይደገምበት ሰግቶ ነበር። በካውንቲው ውስጥም አዲስ ፉክክር ተወለደ። በማርሳቢት በቦረናና በገብራ መካከል በነበረው ደም መፋሰስ የተነሣ መንግሥት በ2022 የሰዓት እላፊ ዐወጀ። ሥልጣን ወደ ደጅ ሲቀርብ ጠቡም አብሮ ይቀርባል።

ቢሆንም የማርሳቢት ገበሬ ወይም አርብቶ አደር ዛሬ ስለ ውሃ ጉድጓዱ የሚጠይቀው ሹም በራሱ ድምፅ የተመረጠ ነው። ባቡሩ ቪክቶሪያ ሐይቅ በደረሰ ጊዜ ሰሜኑ ገና ይዘጋ ነበር፤ ከኢሲዮሎ ሞያሌ ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ አስፋልት የለበሰው ከ2010 በኋላ ነው። በመካከሉ አንድ መቶ ዓመት አልፏል። ያን መቶ ዓመት ያስረዘመው የዝናብ እጥረት ሳይሆን የሰዎች ውሳኔ ነው፤ በሰው ውሳኔ የመጣም በሰው ውሳኔ ይታረማል።