ከቅድመ አያት ወዲያ ወረቀት የለም፦ የቢታ ገነት ሰው ዘሩን ሲፈልግ

አንድ የቢታ ገነት ወጣት የቤተሰቡን ታሪክ በሰነድ ልከተል ብሎ ቢነሣ መንገዱ የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። እዚያ የሚያገኘው ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ ዕድሜው ከራሱ ያነሰ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢደነገግም፣ በአገር ደረጃ ሥራ የጀመረው 2008 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ቢይዝም፣ ወረቀቱ ዓመታት ካለፉ በኋላ በሰው ቃል የተሞላ ነው።

ሕግ ጠፍቶ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን የክብር መዝገብ በዝርዝር ደንግጓል። ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻዎቹ አንቀጾቹ፣ በቁጥር 3361፣ መዝገቡ በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም አለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ከሃምሳ ዓመት በላይ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ስንቱ ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ሞቶ በመንግሥት መዝገብ አንድ መስመር ሳይጻፍለት ቀረ።

ስለዚህ ፈላጊው ለሌላ ጉዳይ የተጻፉ ወረቀቶችን ማገላበጥ አለበት። ከሁሉ የሚጠቅመው የፍርድ ቤት የወራሽነት መዝገብ ነው። ሟቹ መቼ እንደሞተ፣ ሚስቱ ማን እንደሆነች፣ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ ምስክሮች ቀርበው የሚናገሩት እዚያ ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የግብር ደረሰኝ፣ የእድር መዝገብ፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ቤት ካርድም ይከተላሉ። አያት በሣጥን ሥር ያስቀመጠው የቆየ የግብር ደረሰኝ አንዳንዴ የስሙ ብቸኛ ማስረጃ ነው።

ከዚያ በላይ ያለው መዝገብ ደግሞ የተሠራው አስተዳደሩን ተከትሎ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የከፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጅማ ነበረች። ከ1983 በኋላ የደቡብ ክልል ማዕከል ሐዋሳ ሆነ። ከ2014 ወዲህ ደግሞ ቢታ በደቡብ ምዕራብ ክልል ሥር ናት፤ ቦንጋም የክልሉ መቀመጫ ሆናለች። የአንድ ቤተሰብ ወረቀት የሚፈለገው በእነዚህ ሁሉ ከተሞች ነው።

ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወደ ኋላ ሲኬድ ወረቀቱ ይሳሳል። የግብር መዝገብ የሚያውቀው ባለ መሬቱን ነው። ጭሰኛው ስም ያለው ሰው ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ሴት አያት ደግሞ «ሚስቱ» ተብላ ታልፋለች።

ትልቁ ስብራት ግን የከፋ መንግሥት የወደቀበት ጦርነት ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1889 ዓ.ም. ዘመቱ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከተሟገቱ በኋላ ተያዙ። ከዚያ በኋላ ክርስትና የተነሡ ብዙዎች አዲስ ስም ወጣላቸው። አባት በከፊኛ ስሙ፣ ልጅ በአማርኛ ስሙ ሲጠራ ሰንሰለቱ ለማያውቀው ሰው የተበጠሰ ይመስላል። በባርነት የተወሰዱት ደግሞ በሄዱበት ሌላ ስም ተሰጣቸው። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ከፋን ፈልጉ ቢባሉ ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም።

ከጦርነቱ በኋላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ዩሊየስ ቢበር ከፋን ጎብኝቶ የነገሥታቱን ተራና የጎሳዎችን ስም መዝግቧል። ሁለት ቅጽ መጽሐፉ በ1920 እና በ1923 እ.ኤ.አ. ታተመ። ነገር ግን በጀርመንኛ ነው። የከፋ ሰው ስለ አያቶቹ የተጻፈውን ለማንበብ መጀመሪያ የባዕድ ቋንቋ መማር አለበት።

የቀረው ማኅደር ሽማግሌው ነው። በከፋ አንድ ጎሳ ውስጥ ጋብቻ ስለማይፈቀድ ዘር መቁጠር የጨዋታ ጉዳይ አልነበረም፤ ሙሽራ ከመታጨቷ በፊት ይጠየቅ ነበር። ይህ ማኅደር ግን ንጹሕ አይደለም። ዘር ቆጠራ ሰውን ማዕረግ መስጫም ነበር፤ ማንጆዎች ሲገለሉበት ኖረዋል። በባርነት የነበረ አያትም በዝምታ ይዘለላል። ስለዚህ የሽማግሌውን ቃል ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል፤ መዝገቡንም ከሽማግሌው ቃል ጋር።

ዛሬ መንግሥት ለፋይዳ የጣት አሻራና የዓይን ምስል ይወስዳል። ከዛሬ ወዲያ የሚወለደው ላይጠፋ ይችላል። የአያቱን ስም የሚያውቁት ሰዎች ግን በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ ሥራው ከቢሮ በፊት ከቤት ይጀምራል፦ አንድ ደብተር፣ የሚቀዳ ስልክ፣ የእናትም የአባትም ወገን፣ የቀድሞው ስምና የኋለኛው ስም ጎን ለጎን። ዘመኑን የማያስታውስ ሽማግሌ «ጣሊያን ሲገባ» ካለ ያም ቀን ነው፤ 1928 ተብሎ ይጻፍ።

ወረቀቱ ቆይቶም ሊገኝ ይችላል። ሰውየው ግን አይቆይም።